አባት ለልጁ አይመሰክርም

መኪናው የቴቬሬን ወንዝ ድልድይ እየተሻገረ ሳለ ደጃዝማች ደምለው ምራታቸውን አስማሏት። ከፊት ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ጠባቂያቸው ኢጣሊያዊ ካፒታኖ አማርኛ አይሰማም፤ ቢሰማም ደጃዝማች ጠላት አጠገቤ አለ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው አልነበሩም።

«በታረቀኝ ስም ማይ» አሏት። «ሚስቱ መሆንሽን ዛሬ የምናገኘው እንግሊዝ እንዳያውቅ። ዛሬ የማንም ሚስት አይደለሽም፤ አስተርጓሚ ነሽ። እሱ ያለውን ለእኔ፣ እኔ ያልኩትን ለእሱ። ከዚያ የተረፈ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

«በታረቀኝ ስም» አለች ያለምዘውድ።

አንዲት ሴት ባሏን ለማዳን በገዛ ባሏ ስም ሚስቱ አይደለሁም ብላ የምትምልበት ዘመን ነበር። እሷ ግን አላመነታችም። ታረቀኝን ያወጣል ከተባለ እሳት ውስጥ ግቢ ቢሏትም ትገባ ነበር።

ጊዜው ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በየካቲት በደም ከታጠበች ወዲህ መኳንንቱ ከየቤታቸው እየተለቀሙ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በየከተማው ተበትነዋል። ለደጃዝማች ደምለውና ለምራታቸው የደረሳቸው ሮማ ነው፤ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ደናግል የሚያስተዳድሩት ቤት ላይኛው ፎቅ። ምግብ አለ፣ አልጋ አለ፣ ሰፊ መስኮት አለ፤ በሩ ላይ ደግሞ ካራቢኔሬ የሚሉት ወታደር አለ። የደጃዝማች አንድ ልጅ ታረቀኝ ግን ከመኳንንቱ ጋር አልተቆጠረም። የትምህርት ቤት መምህር ነበርና፣ በዚያን ሰሞን ደግሞ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይታደን ነበርና፣ ወደ ሶማሌ በረሃ፣ ወደ ባሕሩ ዳር እስር ቤት አወረዱት። ከዚያ የሚመጣው ወሬ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጠጣው ውኃ ጨው ነው፣ ሰውም እንደ ቅጠል ይረግፋል። ታረቀኝ እስከ ሐምሌ በሕይወት ነበር ተብሏል። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል አልተገኘም።

ተስፋቸው በአንድ ወሬ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በክረምቱ የአንድ የጎንደር እስረኛ ስም በፈረንሳይ ጋዜጣ ወጥቶ፣ ኢጣሊያኖቹ አፍረው ይሁን ፈርተው፣ ሰውየውን ከዚያ እቶን አውጥተው ሐኪም ቤት አስተኙት ይባላል። ስሙ በዓለም ፊት የተጠራ ሰው ጠያቂ አለው፤ ጠያቂ ያለውን ደግሞ ዝም ብለው አይገድሉትም። እንግዲህ የታረቀኝም ስም መጠራት ነበረበት። ሊጠራው የሚችለው ሰው ሮማ ገብቶ፣ ከሰዓት በኋላ ባቡሩን ከመሳፈሩ በፊት ሊያገኛቸው ፈቅዷል።

ሰውየው ሚስተር ጆሴፍ ታርንብሩክ ይባላል፤ የእንግሊዝ ምክር ቤት እንደራሴ ነው። የሚገናኙበትን ቦታ የመረጡት አባ ዘመንፈስቅዱስ ናቸው። አባ ከአካለ ጉዛይ በልጅነታቸው ወጥተው፣ ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው በአበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ያረጁ የካቶሊክ መነኩሴ ናቸው። ቦታዋን የመረጡት ለጸሎት ብለው አይደለም። ቅዱስ እስጢፋኖስ ያለችው በጳጳሱ ግዛት ውስጥ ነው፤ የሮማ ፖሊስ ወሰኑን አልፎ አይገባም። እንደተባለውም መኪናው በሩ ላይ ሲደርስ ካፒታኖው ወረደ፣ ሲጋራውን ለኮሰ፣ «ቫ ቤኔ፣ እዚሁ እጠብቃለሁ» ብሎ ቀረ። ደጃዝማችና ያለምዘውድ ከተጋዙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማቸው ጠላት በሌለበት መሬት ረገጡ።

ደጃዝማች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልገቡም። ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብለው ደጁን ብቻ ተሳለሙ፤ እስጢፋኖስ የሁላችንም ነው፣ ቤቱን የወሰዱበት እነሱ ናቸው እያሉ ከአባ ጋር ሲነታረኩ እንግሊዙ ደረሰ። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ጢሙ የነጣ ሽማግሌ ነው። ጥቁር ኮቱ ክርኑ ላይ ተልሷል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በአትክልቱ መካከል እየቃኘ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጁ ላይ ሲከራከሩ ሲያይ ፈገግ አለና፣ እስኪጨርሱ አጥሩ ሥር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ከያለምዘውድ ጋር ተቀመጠ። እዚያ ነው ሕይወቱን ያጫወታት። እንግሊዝኛዋን አዲስ አበባ ከሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ያገኘችው ያለምዘውድ፣ የሚናገረውን ሁሉ ሰማች፤ ባትሰማ ይሻላት ነበር።

የጫማ ሰፊ ልጅ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ባለች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ፣ ከሚሽከረከረው መኪና ሥር የወደቀ ክር እየለቀመ አደገ። ከጸሎት ቤት ስብከት አንደበት አገኘ፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1906 ሊበራሎቹ በምርጫ አገሩን ሲያጥለቀልቁት እሱም አብሮ ምክር ቤት ገባ። ገና ወንበሩን ሳያሞቀው፣ አንድ ሚሲዮናዊ የነገረውን ይዞ ተነሣና፣ በአፍሪካ የጎማ ሙጫ የሚነግድ ኩባንያ የሠራተኞችን እጅ ያስቆርጣል ብሎ ተናገረ። የኩባንያው ወዳጆች ሚሲዮናዊው ያን አገር በእግሩ ረግጦት እንደማያውቅ አስመሰከሩ። ታርንብሩክ በሙሉ ምክር ቤት ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሳቁበት። ነገሩ እውነት መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ግን እሱን ይቅርታ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለራሱ ሕግ አወጣ። ከተበዳዩ ከራሱ አፍ፣ በራሱ ጆሮ ያልሰማውን በምክር ቤት አይናገርም። በዚህ ሕግ ነው ሰው የሆነው። የካካዎ እርሻ ወዳለበት ደሴት በመርከብ ሄዶ፣ ከሠራተኞቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ጠየቃቸውና ተመልሶ ሲናገር አንድም አፍ ሊመልስለት አልቻለም፤ ሕግ ተለወጠ። ከዚያ ታላቁ የአውሮፓ ጦርነት መጣ። አልደግፍም ብሎ በድንጋይ ተወገረ፣ ወንበሩንም አጣ። በሠራተኞቹ ፓርቲ ተመልሶ ገባ፣ ደግሞ ወደቀ፣ አሁን በስተርጅና እንደገና ተመርጧል። በሚመጣው የፈረንጆች ጸደይ እንግሊዝ ሐበሻን የኢጣሊያ ግዛት ብላ ትወቅ አትወቅ የሚል ክርክር አለና፣ ስለ ሐበሾች የመጨረሻ ንግግሬን አደርጋለሁ አላት። ጠላቶቹ እንኳ ታርንብሩክ አየሁ ካለ አይቷል፣ ሰማሁ ካለ ሰምቷል ይላሉ። ይህን ሲናገር አልኮራም፤ ሰው የቀረችውን አንዲት መሬት እንደሚያሳይ አድርጎ ነው ያወራላት።

ያለምዘውድ ዞራ ደጁ ላይ የሚከራከሩትን ሽማግሌ አየች። ምክንያቱም አማቷን ታውቃቸዋለች።

ደጃዝማች ደምለው ከመጋዛቸው በፊት በይፋት ገዥ ብቻ አልነበሩም፤ ፍርዳቸው የተፈራ ዳኛ ነበሩ። እሳቸውም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ሰው በራሱ ጉዳይ አይመሰክርም፤ አባት ለልጁ፣ ሚስት ለባሏ አይመሰክሩም፤ ሥጋ ለሥጋው ያደላልና። አንዲት እናት ለልጇ በመሰከረች ጊዜ፣ ልጁ ንጹሕ መሆኑን በልባቸው እያወቁ ቃሏን ጣሉት። ባዕድ ምስክር እስኪገኝ ድረስ ልጁን በሰንሰለት አቆዩት። ምስክሩ ተገኘ፣ ልጁ ተፈታ፣ እናቲቱ ራሷ መጥታ እግራቸውን ሳመች። ይህ ታሪክ በይፋት እንደ ተአምር ይወራ ነበር። ዛሬም ለታረቀኝ ነገር ሥጋ ያልሆነ ምስክር መርጠው መጥተዋል፤ የሌላ አገር ሰው፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው፣ ቆብ የጫኑ አባ ዘመንፈስቅዱስን። ምራታቸውን ያስማሏትም ስለዚሁ ነው። ሚስት ካለችበት ምስክርነቱ ይረክሳል ብለው።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀመጡ። አባ ወይን ቀዱ፤ እንግሊዙ መጠጥ በሃይማኖቱ ነውር ነውና ውኃ ለመነ። ደጃዝማች ይህን ወደዱለት፤ ፍርድ የሚሰማ ሰው እንዲህ ነው አሉ። ሰላምታው ረዘመ። የእንግሊዝ ንጉሥ ጤና ተጠየቀ፣ የመንገዱ ድካም ተጠየቀ፣ የልጆቹ ጤና ተጠየቀ፤ ታርንብሩክ ልጅ የለኝም ሲል ደጃዝማች ከልባቸው አዘኑለት። ከዚያ እንግሊዙ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ነገሩ ገባ።

«ደጃዝማች፣ እንዴት ይዘዋችኋል? በደል ካለ ይንገሩኝ።»

ያለምዘውድ ተረጎመች። ደጃዝማች ካባቸውን አስተካከሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። በልተናል፣ ጠጥተናል፣ ተኝተናል። ስለ ራሴ የምከሰው የለኝም በዪው። ስለ ደከመልን እግዚአብሔር ይስጥልን።»

እሷም ይህንኑ አለች። ሌላ ምን ልትል? ጨዋ ሰው ገና ከእንግዳው ጋር ሳይጫወት በሽታውን አይዘረዝርም፤ ትልቅ ሰው ስለ ራሱ ሆድ አያወራም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ታርንብሩክ ግን ሐበሻ አይደለም፤ የሰማውን ቃል ለራሱ ቀስ ብሎ ደገመው፣ የምከሰው የለኝም፣ እያለ።

ደጃዝማች በአገጫቸው ወደ አባ ጠቆሙ፤ የችሎቱ ጊዜ ደረሰ ማለታቸው ነው። አባ ዘመንፈስቅዱስም ተነሥተው መስቀላቸውን ይዘው ተናገሩ፤ በደንብ ተናገሩ። ስለ ባሕሩ ዳር እስር ቤት፣ ስለ ጨው ውኃው፣ ሬሳ ስለሚቀበርበት አሸዋ። በመጨረሻም የታረቀኝ ደምለውን ስም ጠሩ፤ የትምህርት ቤት መምህር፣ የደጃዝማች ልጅ፣ ጥይት ተኩሶ የማያውቅ። ያለምዘውድ የባሏን ስም እንደ ባዕድ ስም አድርጋ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ይህን ያህል መጨከን እንደምትችል እስከዚያን ቀን አታውቅም ነበር።

ታርንብሩክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። አባ እስር ቤቱን አይተውታል? አባ አላየሁትም አሉ፤ ካዩት ከሰሙት ነው የሰማሁት። እንግሊዙ ዓይኑን ጨፈነ። የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት የሳቁበት ሰዎች ሳቅ በጆሮው ሳይመጣበት አልቀረም፤ ሚሲዮናዊ ነገረኝ ብሎ ነበር ያኔም። ዓይኑን ሲገልጥ ወደ መነኩሴው አላየም።

«ደጃዝማች» አለ፣ «ልጅዎ ከሆነ ከእርስዎ ከራስዎ አፍ ልስማው።»

ያለምዘውድ ይህን ከተረጎመች በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም። «ጌታዬ፣ ይህን የምለው ከራሴ አይደለም፤ ሰውየው ደጅ ሳለን የነገረኝ ነው» አለቻቸው። «ተበዳዩ ራሱ ያልነገረውን አገሩ ገብቶ አይናገርም። ሕጉ ነው። አንድ ቃል ቢሉት ይበቃዋል።»

ደጃዝማች ፈገግ አሉ። ከአገራቸው ከወጡ ወዲህ ያለምዘውድ ያን ፈገግታ አይታው አታውቅም።

«እየፈተነኝ ነው» አሉ። «ይኸ ሰው ዳኛ ነው፣ ያለሜ። እኔም እኮ እንዲሁ አደርግ ነበር። ባለጉዳዩን እስቲ አንተው ንገረኝ ብዬ አባብለዋለሁ፤ ለገዛ ሥጋው ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ያን ጊዜ ሐሰተኛነቱን አውቅበታለሁ። አባት ስለ ልጁ ሲናገር ሰምቶ የሚያምን ዳኛ በየትም አገር የለም። አባ የነገሩትን ሰምቷል በዪው። እኔ የምጨምርበት የለኝም።»

የምጨምርበት የለኝም። ይህች ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትዞር እንዴት ያለች ደረቅ ቃል እንደምትሆን ያለምዘውድ ያወቀችው ከአፏ ስትወጣ ነው። ሌላ ቃል በሽማግሌው አፍ ማድረግ ትችል ነበር፤ የሚያውቅባት የለም፣ አባም እንግሊዝኛ አይሰሙም። ግን የማለችው በታረቀኝ ስም ነው። በሐሰት ቃል ስሙን ማስጠራት ደግሞ ስሙን ራሱን ሐሰት ማድረግ መሰላት። የተባለችውን ብቻ ተረጎመች።

ታርንብሩክ በቀላሉ የሚተው ሰው አልነበረም፤ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። ወንበሩን ወደ ደጃዝማች አስጠጋ፣ ጉልበቱ ጉልበታቸውን ሊነካ ደረሰ። እዚህ የሚሰማን ኢጣሊያዊ የለም አለ። ስምዎን ደብቅ ካሉኝ እደብቃለሁ አለ። በመጨረሻም ያ በንጉሥ ፊት ሳይጎነበስ ያረጀ የጫማ ሰፊ ልጅ፣ «እለምንዎታለሁ» አላቸው። ደጃዝማችም በለመናቸው መጠን ፈተናው የከበደ መሰላቸውና የበለጠ ጸኑ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያንኑ መለሱለት። አባ ዘመንፈስቅዱስ በአማርኛ፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል እኮ፣ ደጃዝማች፣ አሏቸው። ደጃዝማችም ሌላው ይናገር፣ ባለቤቱ ምን ቤት ነው ብለው ዘጉባቸው።

ሁለት ሐቀኛ ሰዎች እንዲህ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው አንድ ወጣት ገደሉ። አንዱ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ታረቀኝ በተረፈ ነበር።

እንግሊዙ ባቡሩ እንዳያመልጠው ተነሣ። ደጃዝማች እስከ ደጁ ሸኙት፤ ያለምዘውድ እስከ በሩ እንድትሸኘው አዘዟት፤ እንግዳ ብቻውን አይሄድምና። የአትክልቱ መንገድ ቁልቁል ነው። ከታች የብረቱ በር፣ ከበሩ ወዲያ የካፒታኖው ሲጋራ ጭስ ይታያል። ታርንብሩክ አንገቱን ደፍቶ፣ አማትሽ ጨዋ ሰው ናቸው ሳይሆን ሽማግሌው ጨዋ ሰው ናቸው እያለ ያወራል፤ ስለማያውቅ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ያለምዘውድ ከበሩ ጥቂት ሲቀራት ቆመች።

«ሚስተር ታርንብሩክ፣ እኔ የታረቀኝ ሚስት ነኝ» አለችው።

ሰውየው ቆመ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችለት። ደጃዝማች ለምን እንዳልተናገሩ፣ ዳኛ እንደነበሩ፣ አባት ለልጁ አይመሰክርም እንደሚሉ፣ እሱንም ይፈትነኛል ብለው እንዳሰቡ። ቃሉ ከእንባ ጋር እየተደባለቀ አስቸገራት። ታርንብሩክ ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ጥሩ አዳማጭ ነው። ስትጨርስ በዝግታ ጠየቃት። ባልዎ ሲያዝ አይተዋል? ተደብቄ ነበር አለችው። እስር ቤቱንስ? አላየሁም። ከእሱ የመጣ ቃል አለ? የለም።

«ታዲያ ዛሬ ስሰማ የዋልኩት የማንን ቃል ነው?» አላት። «የደጃዝማቹን ነው ወይስ የእርስዎን?»

«የእሳቸውን። አንድም አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም።»

«እኔ አምንዎታለሁ» አለ። «ምክር ቤት ገብቼ ስናገር ግን፣ አስተርጓሚዋ ማን ነበረች ብለው ይጠይቁኛል። እኔም አልዋሽም። የቀረኝ ሀብት ይኸው ነው እመቤቴ፤ እሱን ከጣልኩት ለማንም አልጠቅምም።»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እጇን ጨብጦ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ካፒታኖው ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያለምዘውድ ያልተጠየቀችውን ተናግራ፣ ጥቂት የነበረውንም እምነት በገዛ እጇ አፈረሰችው። ያን ቀን ዝም ብትል ኖሮ ምናልባት የአባ ቃል ብቻውን ያሳምነው ነበር ይሆን እያለች በኋላ በልቧ ስታብሰለስል ኖራለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

ሲመለሱ ደጃዝማች በመኪናው ውስጥ ደስተኛ ነበሩ። ሰውየው ሦስት ጊዜ እንደፈተናቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደረቱት፣ እንዲህ ያለ ዳኛ በእንግሊዝ አገር መኖሩ እንደሚያጽናና ተናገሩ። ለምን ታለቅሻለሽ ብለው ጠየቋት። የመንገዱ አቧራ ነው አለቻቸው። አይዞሽ፣ ስሙ ይጠራል አሏት።

ስሙ እስኪጠራ ጠበቁ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ደጃዝማች በየማለዳው እንግሊዞቹ ተሰበሰቡ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ፤ እሷም ገና ናቸው ትላለች። ከሶማሌ በረሃ ምንም አልመጣም። የዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ካፒታኖው ጋዜጣ በብብቱ፣ አንድ እሽግ ጣፋጭ በእጁ ይዞ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው ወደ ክፍላቸው ገባ። ሰውየው በመሠረቱ ክፉ አልነበረም፤ የታዘዘውን የሚያደርግ፣ ደጃዝማችንም የሚያከብር ነበር። «አሎራ፣ ኤቼሌንሳ» ብሎ፣ እንግዲህ ክቡርነትዎ ማለቱ ነው፣ ጋዜጣውን ዘረጋ። የእንግሊዝ ምክር ቤት ስለ ሐበሻ ተከራክሯል፤ በክርክሩም ስለ እርስዎ ተነሥቷል አለ። ደጃዝማች ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ካፒታኖው ያለምዘውድ በግዞት በለመደችው ጣሊያንኛ ያነባል፣ እሷም ትተረጉማለች። ሚስተር ታርንብሩክ የኢጣሊያን ግዛት ማወቅ ነውር ነው ብሎ ረጅም ንግግር አድርጎ ነበር፤ ጋዜጣው ያን አላወጣውም። ያወጣው አንዲቱን ክፍል ብቻ ነው። ታርንብሩክ ምክር ቤቱን ማታለል ስለማልወድ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት እናገራለሁ ብሎ ነበር። በሮማ የኢጣሊያ ጆሮ በሌለበት ቦታ አንድ የተጋዘ መኮንን አግኝቼ ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ የምከሰው የለኝም አለኝ። ከዚህ የተለየ ቃል የነገሩኝ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በዓይኑ ያላየ መነኩሴ፣ ሁለተኛዋ ያስተረጎመችልኝ ሴት። እሷም የአንድ እስረኛ ሚስት መሆኗን በመጨረሻው ሰዓት ራሷ ነገረችኝ። ስለዚህ በእነዚህ ቃል ላይ ምንም ልመሠርት አልችልም።

ያለምዘውድ እዚህ ስትደርስ ተርጉማ ላለመጨረስ ምክንያት ነበራት። ጨረሰችው። ሚስት የሚለውን ቃል ስትናገር አማቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

ደጃዝማች አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጋዜጣው ላይ ተከሉ። ካፒታኖው ይህን ለደስታ ቆጥሮ፣ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው በእኛም አገር ብርቅ ነው ብሎ ጣፋጩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

«ስሙን አልጠራውም?» አሉ ደጃዝማች።

«አልጠራውም፣ ጌታዬ።»

«እኔ በገዛ አፌ ብናገርለት ኖሮ፣ ይጠራው ነበር?»

ምራት ለሽማግሌ አማቷ እንዲህ ባለ ሰዓት የምትለውን ያለምዘውድ አታጣውም። ማን ያውቃል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ እንግሊዞች ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው። ማንኛውንም ብትል ያምኗት ነበር። ግን በነዚያ ወራት ሁሉ ብቻዋን ተሸክማዋለች፤ ደከማት፤ ደግሞም ተቆጥታለች፤ በሳቸው ላይ፣ በእንግሊዙ ላይ፣ በሁለቱም ንጹሕ ሕሊና ላይ።

«ይጠራው ነበር» አለች።

ደጃዝማች ደምለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፍርድ ሰምቶ እንደሚቀበል ባለጉዳይ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሡ። ካባቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ጣሉት፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉ። እሳቸው ዳኛ ሳሉ ሰዎች በፊታቸው እንዲህ ሆነው ነበር የሚቆሙት። በሩ ጋ የደረሰው ካፒታኖ ነገሩ ግራ ገብቶት ቆመ። ሽማግሌው በፊቱ ቆመው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለራሳቸው ሥጋ ተናገሩ።

«ታረቀኝ ልጄ ነው። ምንም አልበደለም። በዚያ በረሃ እየሞተብኝ ነው። አባቱ ነኝ፣ እኔ ነኝ የምለምነው። ስለ ወለዱህ ብለህ አስወጣልኝ።»

ያለምዘውድ ቃል በቃል ተረጎመች። ካፒታኖው አፈረ፤ ጆሮው ቀላ። ይህ የኔ ሥልጣን አይደለም፣ እኔ ይህን ቤት ብቻ ነው የምጠብቅ አላት። ከዚያ ጋዜጣውን በጣቱ ነካ አደረገና፣ ሰውን ላለማስቀየም በሚጠነቀቅ ድምፅ፣ «ግን ኤቼሌንሳ የምከሰው የለኝም ብለዋል እኮ» አለ። «ታትሞ ወጥቷል።» በሩን ቀስ ብሎ ከኋላው ዘጋው።